በይመኙሽ ኮርቻ

የፋንታሁን ሬሳ ከገደሉ ሥር ወጥቶ በጋቢ ተሸፍኗል። መቶ አለቃ ወልደኢየሱስ ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን በበቅሎ ሲንገላታ የመጣው ለዚሁ ነው። ጡረታው ደርሷል፤ ወገቡ አልቋል፤ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሬሳ ማየት አንገሽግሾታል። መቼም እንጀራው ነውና ጎንበስ ብሎ የሟቹን በቅሎ ኮርቻ አገላበጠ። በበቅሎዋ ሆድ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ከውስጥ በኩል እስከ እኩሌታው በቢላ ተቆርጧል፤ የቀረው ቁልቁለቱ ላይ ተበጥሷል።

«ሚስቱ ናት» አሉ የሟቹ እናት እመት ለተ ማርያም፣ ደረታቸውን እየደቁ። «ዓመት ሙሉ ከመኝታው ስትሸሸው ኖረች። በቅሎዋ የተጫነች ለእሷ፣ የወደቀ ልጄ። ምነው እሷ አልተቀመጠች?»

መንደሩም ይህንኑ ይላል። ሚስቱ ይመኙሽ ጥፋተኛ ከተባለች መሰቀሏ ነው።

መቶ አለቃው ጓዳ አስጠርቶ በርጩማ ሰጣት። አልተቀመጠችም። መደቡን ቢያሳያትም ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«ምነው፣ ፈራሽኝ?»

«አይ ጌታዬ። ስቀመጥ ያቃጥለኛል።» አንገቷን ደፋች። «ልጄ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ ከእምብርቴ በታች ሕመም ነው። ባሌ ሲቀርበኝም እንደዚያው። ጎንደር ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ‹ማሕፀንሽ ደኅና ነው፤ የታችኛው ጅማትሽ ሕመሙን ፈርቶ ተኮማትሮ ቀርቷል› አለችኝ። ተጋድሜ፣ በሆዴ እየተነፈስሁ ማላላት አስተማረችኝ። እቤትም ፋንታሁን አጠገቤ ሆኖ ያስተነፍሰኝ ነበር። ሸጋ እየሆነልኝ ነበር። ዛሬም ወደዚያው ስንሄድ ነው።»

«በቅሎዋስ?»

«ሰው እንዳያማን ከደጅ ተቀምጬ እወጣለሁ። ኮረብታውን ስናልፍ እወርድና እሱ ይቀመጣል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ክንዱ ቀጥሎ ገባ።

«ወንድምህ እንደሚቀመጥ ታውቅ ነበር?»

«ኧረ እኔ አላውቅም። ሴቷ ትቀመጣለች፣ ወንዱ በእግሩ ይከተላል፤ ደንቡ ይኸው ነው።»

«ኮርቻው የት አደረ?»

«ማታ እኔው ተቀምጬበት መጣሁ፤ ደኅና ነበር። እናቴ ተቀብላኝ ከእሷ ዘንድ አደረ። ጠዋትም እሷው ጫነች።»

«ሲወጡ ምን አለቻቸው?»

«ወንድሜን ‹ቁልቁለቱ ላይ ከበቅሎዋ ራቅ ብለህ ተከተል› አለችው።»

መቶ አለቃው ይህን ሥራ ጠላው።

ሁሉንም ደጅ ሰበሰባቸው። «ይመኙሽ መኝታውን የሸሸችው ጠልታው አይደለም፤ ልጇ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ ከእምብርቷ በታች ታማ ነው» አለ በደከመ ድምፅ። «ፋንታሁንም ያውቃል፤ ሊያሳክማት ነበር የወጣ። ጠፍሩን እሷ ብትቆርጠው ኖሮ እስከ ኮረብታው ድረስ ራሷ አትቀመጥበትም። የቆረጠው ሰው ቁልቁለቱን ተቀምጣ የምትወርደው ሴቷ ናት ብሎ ያመነ ነው። ኮርቻው ከእሱ ዘንድ ያደረ፣ ጠዋት በእጁ የጫነ፣ ፋንታሁንንም አብሮ እንዳይወድቅ ራቅ በል ያለ።» ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እመት ለተ ማርያም፣ ያሰቡት ምራትዎን ነበር።»

አሮጊቷ «ሌላ አግብቶ ልጅ እንዲያይ ብዬ» አሉ። ወደ ይመኙሽ ዞሩ። «ታምሜ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«አፍረን ነው እማማ።»

እመት ለተ ማርያም «እኔም ፋንታሁንን ከወለድሁ ጀምሮ እዚያው ላይ ያመኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ለሰው ይነገራል?»

ይመኙሽ እንባዋ ወረደ። «ሕመሙ ይድን ነበር እኮ» አለች።