ከጉልበት በታች ያለው አየር

«እማዬ፣ የኔ እግር አበቃለት» አለች ልጅቱ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን በጨርቅ እያሰረች። «የቀሩትን ሁለት የአየር ናሙና ጠርሙሶች አንቺ ነሽ የምትወስጃቸው።»

እናትዬው ከድንኳኑ ደጃፍ የቆመውን መንገድ መሪ ሰረቅ አድርጋ አየችው። ረጅምና ዝምተኛ ነው። ከተራራው ሥር ያለውን የኖራ ማቃጠያ ስድስት ዓመት ስለጠበቀ ሁሉም ዘበኛው ይለዋል። በቅርቡ ሥራውን ለቋል ይባላል። ግን ማን ያውቃል? ውሻ በበላበት ይጮኻል።

«ከሱ ጋር ብቻዬን?» አለች በሹክሹክታ።

«ፀሐይ አየሩን ሳታደባልቀው መድረስ አለብሽ። ሕፃኑን አስቢ።»

እሷስ ሌላ ነገር ማሰብ መቼ ቻለችና! በታችኛው ሰፈር ሰሞኑን ሁለት ሕፃናት በተኙበት ቀርተዋል። የታላቅ ልጇ የስምንት ወር ሕፃንም የሚተኛው እዚያው፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። የተጠረጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከማቃጠያው ጭስ የመጣ ከሆነ ከፍታው ላይም ይበዛል፤ ማቃጠያው ይዘጋል። ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ ከሆነ ግን ከባድ ስለሆነ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ መነሳት ያለባቸው ቤቶቹ ናቸው። የሰፈሩና የሸንተረሩ አየር ተወስዷል። የቀረው የተራራው ጫፍና ከድንኳኑ በታች ያለው ጎድጓዳ ነው።

«ፊትሽን ወደ ነፋሱ፣ ትንፋሽሽን ያዥ፣ ክፈቺ፣ ሃያ ቁጠሪ፣ ዝጊ» አለች ልጅቱ። «የሰው ትንፋሽ ከንጹሕ አየር መቶ እጥፍ የሚሆን ይህ ጋዝ አለው። አንዴ እፍ ካሉበት አለቀ፤ በተበላሸ ናሙና ማቃጠያ የሚዘጋ የለም።»

ጎህ ሲቀድ ወጡ። ወዲያው በረዶ ወረደባቸው፤ ጠጠር የሚወረውር ሰው ያለ ይመስል ጀርባቸውን ደበደበው። ዘበኛው «ያንሸራትታል» ብሎ ቀጥታውን መንገድ ትቶ በገደሉ ዙሪያ መራት። እናትዬው ዓለት ሥር ስትጠለል ደብተሯን አወጣች። የማታ ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ፊደሎቿ ይንጋደዱ እንጂ ይነበባሉ። «መንገድ አስረዘመ» ብላ ጻፈች።

ከዓለቱ ሲወጡ የዝንጀሮ መንጋ ገጠማቸው። አንድ ትልቅ ወንድ ጥርሱን አግጦ ተወረወረና ቦርሳዋን ጨመደደ። ዘበኛው ዝንጀሮውን በዱላው መታና ቦርሳውን ነጥቆት ሮጠ። እሷም እየጮኸች ተከተለችው።

«አምጣ! ቦርሳዬን አምጣ!»

«እትዬ፣ ቀስ! ላድነው ብዬ ነው እንጂ የርስዎን ሻርፕ ልለብስ ነው?»

አልሳቀችም። «ቦርሳ ቀማ» ብላ ጨመረች።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። እሷ ጓንቷን ስታወልቅ ዞር ብትል፣ ዘበኛው አፉን ጠርሙሱ አንገት ላይ ደቅኗል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«መክፈቻው በረዶ ይዞታል። በትንፋሼ ላሟሟው...»

ነጠቀችው። ብብቷ ሥር ይዛ አሞቀችው፤ ነፋሱ የሱን ትንፋሽ ጠርጎት ከሄደ በኋላ ትንፋሿን ይዛ ከፈተች፣ ሃያ ቆጠረች፣ ዘጋች። «እፍ ሊልበት ነበር።» ይህን ስትጽፍ እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

ወደ ጎድጓዳው አፋፍ ሲወርዱ ዘበኛው ቆመ። «እዚህ ታች ነፋስ በሌለበት ጠዋት አይገባም። ፀሐይ እስክትገባበት እንጠብቅ።»

ይኸው! ፀሐይ ከገባች አየሩ ይደባለቃል፤ የሱም ጌቶች ይስቃሉ። ጠርሙሱን ይዛ ወረደች።

ታች ሣሩ አይነቃነቅም። ሦስት ወፎች ክንፋቸውን እንደዘረጉ ሞተዋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ቀበሮ ተጋድማለች፤ ሰውነቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም። እናትዬው ደህና ትተነፍስ ነበር። ጠርሙሱ ከእጇ አመለጠ። ልታነሳው ጎንበስ አለች። ደረቷ ተቃጠለ፤ ምድሪቱ ዞረችባት፤ ተንበረከከች።

ብርቱ ክንድ ወገቧን ይዞ ወደ ላይ መነጨቃት። አፋፉ ላይ አየር ስታገኝ ሳሏ አንጀቷን ሊያወጣው ደረሰ።

«አንድ ጠዋት እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ቆሜ ነበር» አለ ዘበኛው እያለከለከ። «ውሻዬ እግሬ ሥር ወደቀች፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። ከጉልበት በታች ነው ሞቱ። ለአለቆቼ ብናገር ሠራተኛ ታስፈራለህ ብለው አባረሩኝ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«የማቃጠያውን ዘበኛ ማን ያምነዋል?»

ፀሐይዋ የጎድጓዳውን ጠርዝ ነክታለች። ዘበኛው ዱላውን አነሳ። «ይቁጠሩልኝ፤ ጮክ ብለው» አለና አየር ስቦ ወረደ። ጠርሙሱን በዱላው ቆልማማ ጫፍ ጎትቶ አነሳው። ቀጥ ብሎ እንደቆመ እጁን እስከ ጉልበቱ ዘርግቶ ከፈተው።

«አንድ! ሁለት!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አሥራ አምስት ላይ ፊቱ ጠቆረ። አሥራ ስምንት ላይ ተንገዳገደ። «ሃያ! ና ውጣ! ውጣልኝ!» እጇን ዘርግታ ጎተተችው።

ድንኳኑ ውስጥ ልጅቱ የጋዝ መለኪያ መሣሪያዋን አስነሳች። የጫፉ አየር እንደ ሸንተረሩ ንጹሕ ሆነ። የጎድጓዳው ግን ከመሣሪያው ልኬት አለፈ።

«ከመሬት ነው» አለች። «በብርድ ጠዋት ሞልቶ ወደ ሰፈሩ ይፈሳል...»

እናትዬው እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ከዘበኛው ጋር ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ቤቱ ሲደርሱ ሕፃኑ ወለል ላይ ተኝቷል። አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ተነጫነጨ፣ ከዚያ ለቅሶውን አቀለጠው። እንዲህ የሚያምር ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። ዘበኛው ፍራሹን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፤ ታላቅ ልጇም ጎረቤቶቹን ልታስነሳ ወጣች።

«እትዬ፣ መንገዱን ሙሉ ምን ይጽፉ ነበር?»

ፊቷ ጋለ። ግን አነበበችለት፤ እየተንተባተበች፣ አንድም ሳትዘል።

«የዝንጀሮውንም?» ብሎ ሳቀ። «ታዲያ ይሰርዙታ!»

«አልሰርዝም። ጥፋቴም ይነበብ።»

ከሥሩም በዝግታ ጨመረች፦ «እስከ ሃያ ትንፋሹን የያዘልን እሱ ነው።»