ከእናቴ ትይዩ ያለው በርጩማ

ይኸውላችሁ፣ እኔ ጂን ታየኝ፣ ሙት አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «እስቲ ሂድና ተኛ፣ እንቅልፍ ነው የጎደለህ» ብዬ የማባርር ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። መርካቶ ውስጥ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብሎ፣ መሶብና አገልግል እየሸጥኩ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ፣ እስካሁን ከሰው የባሰ ጂን አላየሁም። ከጎኔ ምንጣፍ የሚሸጡት ጋሽ ከድር እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ ሆን ብዬ ሬዲዮኔን ከፍ አደርግባቸው ነበር። አሁን ይህን የማወራችሁም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ሳልናገረው ብቀር ስለሚያንቀኝ ነው።

መጀመሪያ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ጎጃም ተወልዳ ያደገች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ አዲስ አበባ የገባች፣ ስፌት እየሰፋች ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ እኔን። የወለደችኝ እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እርስዎም ደከሙ፣ ልጄ ስትመጣ እሄድልዎታለሁ» እያለች በአንቱታ ታነጋግረኛለች። «እማዬ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ፣ ዘነቡ» ስላት እንግዳ ላለማስቀየም ፈገግ እንደሚባለው ፈገግ ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፣ ከመሞቷ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ስሜን ጠርታ እንድታየኝ። ለዚህ ብዬ ያልተሳልኩበት ደብር የለም።

ቤት ብቻዋን ከተተወች ወጥታ ስለምትጠፋ በየቀኑ ሱቅ ይዣት እመጣለሁ። ደግነቱ እጇ አልረሳም። ወስፌና የራሰ የስንደዶ ሳር ካገኘች ቁጭ ብላ ትሰፋለች፣ ቀለሙን እንኳ አታሳስትም፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የማታውቅ ሴት አበባው በስንተኛው ዙር ላይ እንደሚጀምር ታውቃለች።

ግንቦት ላይ ትልቅ መሶብ ጀመረች። እንግዲህ በእሷ ቤት ወግ ትልቅ መሶብ ብቻን አይሰፋም፣ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዷ ታችኛውን፣ አንዷ ክዳኑን ይዘው፣ በየዙሩ እያስተያዩ እየለኩ ነው የሚሄዱት፣ አለዚያ የሁለቱ እጅ አልገጥም ይልና ክዳኑ ይንጋደዳል። እናቴ ባዶ በርጩማ ትይዩዋ አስቀመጠች፣ አጠገቡ ሌላ ወስፌና አንድ እፍኝ ሳር አኖረችና «ክዳኑን ልጄ ትሰፋዋለች» አለች። እኔ ልቀመጥ ስል «ይቅርታ እትዬ፣ ሰው አለበት» ብላ አስነሳችኝ። ደንበኛ ሲቀመጥም እንደዚያው። ከሰው ፊት ስቄ አለፍኩት፣ ውስጤ ግን እርር ብሏል።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ ውስጥ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያ የክረምት ዝናብ ወረደ፣ መብራት ሄደ፣ ተሸካሚው ሁሉ በየበረንዳው ተጠለለ፣ የመርካቶ ጩኸት እንዳለ ጠፋ። ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በቀር የሚሰማ የለም። ሱቁ ደብዝዞ፣ የራሰ ሳር ሽታ ሞልቶት፣ የተሰቀሉት መሶቦች ቀለማቸው ጠፍቶ ጥላ ብቻ ሆነው፣ እኔ ባንኮኒው ላይ ክንዴን ተደግፌ ዝናቡን አያለሁ። አልተኛሁም፣ እመኑኝ፣ እንዲያውም በልቤ የመብራት ኃይልን ሰዎች እየረገምኩ ነበር።

ዝናቡ ቀጠን ሲል የእናቴ ወስፌ ይሰማኝ ጀመር፣ ጭቅ… ሲርር፣ ጭቅ… ሲርር፣ ወስፌው ሲበሳና ሳሩ ሲጎተት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰማሁ፣ ከእሷ ትንሽ ዘግየት እያለ፣ እጁ ገና ያልፈጠነ ሰው እንደሚሰፋው። አይጥ ነው አልኩ፣ እኛ ሰፈር አይጥ ብርቅ አይደለም። ግን አይጥ ተራውን ጠብቆ ይቆረጥማል እንዴ? እናቴ ስታቆም ያኛውም ያቆማል፣ ስትጀምር ይጀምራል።

እናቴ ቀና ሳትል «ላላ አርጊው፣ አታንቂው» አለች። ጆሮዋን ወደ በርጩማው ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ ሳቀች፣ ያንን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ! «ይህን ደግሞ ከየት ተማርሽው?» አለችና የያዘችውን መሶብ አንስታ ለመለካት ወደ ባዶው በርጩማ ዘረጋችው፣ እዚያው አየር ላይ ይዛው ቆየች፣ ማዶ ያለ ሰው የደገፈላት ይመስል እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

በዚህ መሃል ጋሽ ከድር ላስቲክ ተከናንበው ክብሪት ፍለጋ ገቡ። «ሰላም ዋላችሁ» ብለው ወደ እኔ ሲመጡ፣ በርጩማው ጋ ሲደርሱ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ» አሉና የተዘረጋ እግር እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን ከፍ አድርገው አለፉ።

«ጋሽ ከድር፣ ማንን ነው ይቅርታ ያሉት?» አልኳቸው።

«እኔ? ማንንም።»

«አሁን እኮ ‹የኔ ልጅ› አሉ!»

«ወላሂ አላልኩም። ምነው ዘነቡ፣ አሞሻል እንዴ?»

ክብሪቱን ይዘው ወጡ። ሲወጡም ግን በርጩማውን ዞረው ነው የሄዱት።

እንደ ምንም ብዬ ተጠጋሁ። በርጩማው ላይ መዳፍ የሚያክል ስፌት ተቀምጧል፣ ገና የተጀመረ ክዳን። ጠዋት እዚያ ሳር እንጂ ስፌት አልነበረም፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። አነሳሁት፣ እርጥብ ነው። እናቴ ሳላያት ሰፍታው ይሆናል ብዬ ገልበጥ ሳደርገው ዙሩ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። የእናቴ ስፌት ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ እንዲህ የሚያዞረው በግራ እጁ የሚሰፋ ሰው ነው፣ በቤታችን ደግሞ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ። እኔ ደግሞ ወስፌ በእጄ ካልያዝኩ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ አብረን የጀመርነውን ክዳን ወርውሬ «እንዳንቺ ሳር ላይ ጎብጬ አልሞትም!» ብያት ወጣሁ፣ ዳግመኛም ከፊቷ አልተቀመጥኩም። እንዴት እንደሚቆጨኝ አትጠይቁኝ።

እዚያው በርጩማው ላይ ዘፍ አልኩ። ሞቋል። ሰው አሁን የተነሳበት ሙቀት ነው። «እማዬ፣ መጣሁ፣ እኔ ነኝ፣ ክዳኑን እሰፋልሻለሁ» አልኳት እያለቀስኩ።

እናቴ ደንግጣ አየችኝ፣ ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ ወደ በሩ ተመለከተች። ለዝናቡ በሩ ላይ የጋረድኩት ላስቲክ ገለጥ ብሎ ተመለሰ፣ ንፋስ አልነበረም። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ በልጅነቴ ከጎረቤት ቤት ስትጠራኝ በነበረው ድምፅ፣ «ዘነቡ! ዘነቡዬ! ነይ የኔ ልጅ፣ አትሂጂ፣ ሴትዮዋ ሳታውቅ ነው የተቀመጠችብሽ!» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ስሜ ነው። «አቤት!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ እንደ ልጅ። ዞራ እንኳ አላየችኝም።

ከዚያ ወዲህ ክዳኑ አንድ ዙር አልጨመረም። እናቴ መሶቧን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች፣ ስሜንም አልደገመችውም። ሐኪሙ በሽታው ነው አለኝ፣ ይሁን፣ ክዳኑንስ በሽታ ነው የሰፋው? የንስሐ አባቴ ጠበል አዘዙ። እኔ ምን እንደማምን አላውቅም። የማውቀው ዝናብ ሲጥል በርጩማውን ባዶ ትቼ ከሱቁ እንደምወጣ ነው፣ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዘነቡ፣ ነይ ግቢ፣ እየጠበቀችሽ ነው» እላለሁ። ትናንት ጋሽ ከድር ከበራቸው ብቅ ሲሉ ሰሙኝ። «ዘነቡ፣ ማንን ነው የምትጠሪው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?