ማኅተም ያላረፈባቸው ቃላት

መምህር ገብረ ሕይወት የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ከበሩ ላይ ላየው ያንቀላፋ ይመስላል። ኢንስፔክተር ካሰች ግን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ የተጠራችው የተኛ ሰው ለማየት አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ አፍንጫውን አየች። ቀዳዳዎቹ በበርበሬ ብናኝ ቀልተዋል። ከእግሩ ሥር ባዶ የበርበሬ ጆንያ ወድቋል።

«አስም ነበረበት» አለ የቡሬው ሳጅን ገነነ። «ጆንያውን ፊቱ ላይ ስታፍነው ብዙም አላስቸገራት። ተማሪው የነበረችውን ልጅ ይዘናታል። ማታ በእርስዎው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ትሄዳለች።»

«ሥራዬን ጨርሰህልኛላ! ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

ሳጅኑ ሴትዮዋ ስትቀልድ ፊቷ እንደማይስቅ ሰምቶ ነበር፤ በዓይኑ ሲያየው ግን ባሰበት።

ጊዜው ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ቡሬ በበርበሬ ቀልታ የምታስነጥስበት ወር። ነጋዴው ሀጂ ሙሄዲን ለበርበሬያቸው ከስፔን ገዥ አግኝተዋል፤ ገዥው ደግሞ የዕቃው ሒሳብ የሚሰፍርበት ፋክቱር በቋንቋዬ ካልተጻፈ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ በደርግ ጊዜ በልጅነቱ ኩባ ተልኮ ያደገውን ገብረ ሕይወትን ፈልገው አገኙት። ከመጋዘናቸው ጀርባ ክፍል ሰጡትና ልጃቸውን ናጂሃንና የመጋዘኑን ጸሐፊ እንዳለውን የሒሳብ ቃላት እንዲያስተምር ቀጠሩት። ከሁለቱ የተሻለው የውጭውን ንግድ ይይዛል፤ ምርጫው የሚነገረው ነገ ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ እንዳለው ተምሮ ወጣ። ናጂሃ ተከትላው ገባች፤ ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷ ተሰማ።

«እንዳለውን ሊመርጥ ነው ተብሎ ተወርቷል» አለ ሳጅኑ። «ብሽቀት ነው እንግዲህ።»

ናጂሃ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እጇ ላይ ካቴና ገብቷል።

«የተኙ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው» አለች። «መቀስቀስ ፈራሁ። ኋላ ትከሻቸውን ብነካቸው...»

ካሰች አጠገቧ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት ነበር የሚያስተምራችሁ?»

«እኛ ቃሉን እንላለን፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ካወቅነው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጧ! ያደርጉታል። ‹ማኅተም ያላረፈበት ፋክቱር ተራ ወረቀት ነው› ይሉናል። ፋክቱራ፣ ጧ! እሱስ የእኛው ፋክቱር ነው። ሬሲቦ፣ ደረሰኝ፣ ጧ! ፔንዲየንቴ፣ ገና ያልተከፈለ፣ ጧ! ፓጋዶ፣ የተከፈለ፣ ጧ! ሳይመቱ ወደሚቀጥለው ቃል አያሳልፉንም።»

ካሰች ተመልሳ ጠረጴዛውን አየችው። ከወንበሩ በስተቀኝ በኩል ቀለሙ የመዳፍ ያህል ተልጧል።

ሀጂ ሙሄዲን በር ላይ ያዟት። «መምህሩ ልጄን መርጧት ነበር። ጠዋት ነገረኝ፤ ለእሷም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የመረጣትን ሰው ለምን ትገድላለች?»

«የአባት ቃል ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ።

«የአባት ቃል ውሸት ነው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

እንዳለው የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ትቶ የመጣ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ። «ትምህርቴን ከዳር እስከ ዳር ብየ ነው የወጣሁት» አለ። «መምህሬ በሰላም ነበሩ። ጎረቤት ይጠየቅ።»

ጎረቤቷ እታለም ናት፤ ቤቷን ከመምህሩ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው።

«ኧረ እንዳለውን ሰምቸዋለሁ! እንደ ቅዳሴ ነው የሚያዜመው። ዛሬማ ድምፁ ጭራሽ ደምቆ ነበር።»

«አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ልጄን አስተኝቸ ምስር እለቅማለሁ። ዛሬስ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳይነቃብኝ ዋለ። ሌላ ቀን እነሱ ሲማሩ እሪ እንዳለ ነው።»

ካሰች ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞራ አየች።

«አሁንስ ተኝቷል?»

«ተኝቷል።»

«እንግዲያው እንዳትቀሰቅሽው።»

ሲመሽ ሁሉንም በዚያች ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወንበሩ ግን ባዶውን እዚያው አለ። ደጅ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ናጂሃ ድምፁን በሰማች ቁጥር አባቷን ታያለች።

«እንዳለው፣ የዛሬውን ትምህርት በልልኝ እስቲ። ያኔ ባልክበት ድምፅ።»

«ፋክቱራ... ሬሲቦ... ፔንዲየንቴ... ፓጋዶ...» እያለ አዜመ። ድምፁ ያማረ ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም። ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ብሏል።

ካሰች መዳፏን አነሳችና ጠረጴዛውን መታችው። ጧ!

ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን እሪ አለ።

«ሰማህ፣ ሳጅን?» አለች። «ይህን ልጅ የሚቀሰቅሰው የእንዳለው ዜማ ሳይሆን የመምህሩ መዳፍ ነው። ዛሬ ትምህርቱ ሁሉ ሲባል ልጁ ተኝቶ ዋለ። ቃል ነበር፤ ምት አልነበረም። መምህሩ ደግሞ ሳይመታ ቃል አያሳልፍም። እንግዲያው ቃሉን የሚያዳምጥ መምህር አልነበረም ማለት ነው። እንዳለው ሬሳ ፊት ቆሞ ያዜመው ለእታለም ጆሮ ነው፤ እሱ ሲወጣ መምህሩ በሕይወት ነበር እንድትል። ቀጥላ የምትገባው ናጂሃ እንድትጠየቅበት።»

«ደክሟቸው ይሆናላ» አለ እንዳለው።

«ማን እንደተመረጠ ዛሬ ጠየቅኸው፤ ነገረህ። ወይስ ተሳሳትኩ?»

እንዳለው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ቅኔ ቤቱን ጥየ የወጣሁት ለዚህ ሥራ ነበር» አለ። «እናቴ ልጄ ሊከብር ነው ብላ ላገሩ አውርታለች። እሳቸው ‹እሷ ትሻላለች› አሉኝ። ጆንያው እጄ ላይ ነበር።»

ሀጂ ሙሄዲን ልጃቸውን አቅፈው ጮክ ብለው አለቀሱ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ካሰች። «ያን ሁሉ ስታዜም ጠረጴዛውንም ብትመታው ኖሮ ማንም አይደርስብህም ነበር። ይቺ ልጅ በከንቱ ትጠፋ ነበር። ምነው ሳትመታ ቀረህ?»

እንዳለው ባዶውን ወንበር አየና አንገቱን ደፋ።

«እጄን አንስቸ ነበር» አለ። «ግን መምህሬ ተቀምጠው፣ በሳቸው ፊት፣ እኔ እንዴት ጠረጴዛ እመታለሁ?»

ሳጅን ገነነ የናጂሃን ካቴና ፈትቶ ወደ እሱ ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ገና ያለቅሳል።