የኢርቢድ የወተት መስመር

ሱሃድ በሥራዋ ትንሽ ከልክ ያለፈ ኩራት ነበራት። አማን ከተማ በሚገኝ የወተት ድርጅት ውስጥ ኃላፊዎች ጠዋት ጠዋት የሚያዩትን የኮምፒውተር ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አረብኛ የለወጠችው እሷ ናት። ገጹን አጸዳችው፣ ቀለሙን አሳመረችው፣ የወራቱንም ስም ዓይን እንዳይረብሽ ብላ አሳነሰችው። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የኢርቢድ ከተማ ቅርንጫፍ ኃላፊ ቁሰይ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ።

ቅርንጫፉ እንዲዘጋ ተወስኗል፤ ሃያ ሁለት ሠራተኞች ሊበተኑ ነው። ምክንያቱ በሪፖርቱ ላይ የተበላሸ ወተትን የሚያሳየው የግራፍ መስመር ነው።

«ዓመቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ ሳስጠግን ነው የከረምኩት» አላት። «ብልሽቱ ቀንሷል። ያንቺ ሥዕል ግን ጨምሯል ይላል። ማናችን ነን የምንዋሸው?»

ሱሃድ ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረና፣ አረብኛ እንደሚያነብ ሰው ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ጎተተው። መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ክው አለች። ጽሑፉን ሁሉ ከቀኝ እንዲጀምር ስታዞር መስመሩን ረስታዋለች፤ የዓመቱ መጀመሪያ አሁንም በግራ በኩል ነው። ከግራ ቢነበብ ቁልቁል የሚወርድ ነበር፤ የወራቱን ስም ስላሳነሰችው ደግሞ ማንም አላስተዋለም።

«አንተ አልዋሸህም» አለችው ድምጿ አንሶ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቁሰይ የመጣው ሊወቅሳት ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሲያይ ግን ቁጣው በረደ።

«ቀስ ብለሽ አስተካክዪውና በማሽኑ እናሳብብ» አላት። «በገዛ እጅሽ እንጀራሽን ለምን ትዘጊያለሽ?»

«ማሽኑ ምን አደረገ?» ብላ ተነሣች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቡ ሚቅዳድ ብቻዋን ገባች። ቁሰይ ደረጃው ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ከቅርንጫፉ ይልቅ ለእሷ መጨነቁ ራሱን ገረመው። ውስጥ አቡ ሚቅዳድ በጣም ተቆጡ። ግን ከቀኝ አንብበው እንዲዘጋ የወሰኑት ራሳቸው ናቸውና ቁጣው ብዙ አልዘለቀም። ውሳኔውን ሰረዙ። የሱሃድን የሙከራ ጊዜ በሦስት ወር አራዝመው፣ በየቅርንጫፉ እየዞረች ሪፖርቱን ከሚያነቡት ሰዎች አጠገብ እንድትቀመጥና አነባበባቸውን እንድታይ አዘዙ። ከየት እንደምትጀምር ሲጠይቋት ፊቷ ፍም መሰለ፤ ኢርቢድ አለች።

እዚያ ለሁለት ቀን የታሰበው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ወተት ጫኞቹ ሳይቀሩ በእሷና በቁሰይ ይሳሳቁ ጀመር።

በክረምቱ መጨረሻ ቁሰይ ሽማግሌዎች አስከትሎ አባቷ ቤት ገባ። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም።

«ልጄ ልታስዘጋህ ነበር አሉ» አሉት። «ምኗን አይተህ ነው?»

«አባባ፣ ጥፋቷን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። እኔም ልደብቅላት ነበር፤ እሷ ግን እምቢ አለች። እንዲህ ካለች ሰው ጋር ነው ማርጀት የምፈልገው።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «አንቺስ?»

ሱሃድ መሬት መሬቱን እያየች «አባዬ፣ ኢርቢድ ዘጠኝ ቀን የተቀመጥኩት ለወተቱ ብቻ አልነበረም» አለች።

ዳኛው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያም ጋብቻ ሲፈቀድ ለሚነበበው የፋቲሐ ጸሎት እጃቸውን ዘረጉ።