ማብራሪያ የሌላት ትእዛዝ

የሰፈራችን ሰው ፈንታው ነው የሰደበኝ። በ2008 ዓ.ም.፣ በግንቦት፣ የጎረቤታችን ልጅ ሰብሌ ስትዳር፣ ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አህመዲን መመሪያ ይጽፋል አሉ! ስምንተኛን ያላለፈ ሰው፣ ለዚያውም የኮምፒውተር መመሪያ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የያዝኳትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኳት። ስድቡ እስካሁን አልወጣልኝም።

አሁን የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው። ቦታው መካነ ሰላም፣ ለሰው ጽሑፍ የምተይብባት የቤታችን አንዲት ክፍል። ወሩ የዚያው ዓመት ነሐሴ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት። ውጭው ግን በጉም ተውጧል።

እናቴ ጠይባ ዓይኗ ጠፍቷል። እህቴ ሀጀራ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በስልክ የምትልከውን መልእክት የማነብላት እኔ ነኝ። እናቴ ግን አታምነኝም።

«ክፉ ክፉውን ትዘልብኛለህ። በራሴ ጆሮ ልስማ።»

ፈልጌ ፈልጌ የአማርኛ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አገኘሁ። ነፃ ነው። ኮዱን ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያርመዋል። ሠሪዎቹ በየአገሩ የተበተኑ ልጆች ናቸው።

መመሪያው ግን መመሪያ አይባልም። ግማሽ ገጽ እንግሊዝኛ! ትእዛዞቹን ይደረድርና ምን እንደሚሠሩ በአንድ በአንድ ቃል ብቻ ነክቶ ያልፋል። ላወቀ ሰው የተጻፈ ነው። ለእኔ ቢጤው ማን ይጻፍ?

እኔው ጀመርኩት። እያንዳንዷን ትእዛዝ እሞክራለሁ፤ የሆነውን በአማርኛ እጽፋለሁ።

ረመዳን ሲወጣ ሀጀራ ጠፋች። ስልኳ አይሠራም። የላካት ደላላ «ቤት ቀይራ ነው፣ አብሽሩ፣ አትስጉ» ይለናል። እናቴ ደግሞ፣

«ቶሎ ጨርስ። ኢንሻአላህ መልእክቷ ሲመጣ ተዘጋጅቼ ልቆያት።»

ከዝርዝሩ መጨረሻ አንዲት ትእዛዝ ቀረችኝ። ከአጠገቧ ምንም ማብራሪያ የለም። ሠሪዎቹን ጽፌ ጠየቅኳቸው። ነገሩ በደረሰብኝ ቀን ጠዋት መለሱልኝ።

«እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሠራንም። ተሳስተህ ይሆናል።»

ተሳስተህ! ዓይኔ እያያት! እነሱም ፈንታው ሆኑብኝ።

በእልህ ተቀመጥኩ። ትእዛዟን ጻፍኩና መሞከሪያ የምትሆን ቃል ፈለግሁ... እጄ «ሀጀራ» ብሎ ጻፈ።

እናቴ በቀትር የሩቅ ሰው ስም አታስጠራም። «የጠራኸው ባይሰማ ሌላ ይሰማል» ትላለች። ትዝ ያለኝ ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ነው።

ዝም...

ከዚያ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ።

ፕሮግራሙ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ ደረቅ የወንድ ድምፅ።

ይሄ የሴት ነበር።

«አመዶ...»

እንዲህ ብላ የምትጠራኝ ሀጀራ ብቻ ናት።

«አመዶ... በሩን ክፈቱልኝ...»

«የት ነሽ?» አልኩ በሹክሹክታ። ለኮምፒውተር!

«ብርድ ነው... ብርድ...»

ሀጀራ ከሪያድ ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ ብርድ ጽፋ አታውቅም።

«አጠገቤ ብዙ ሰው ተጋድሟል... ማንም አይናገርም...»

ስሟን ከጽሑፉ ሰረዝኩት። ድምፁ አልቆመም።

የጎረቤቱ ወፍጮ ጸጥ ማለቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። መብራት ጠፍቷል። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ የጠረጴዛ ነው፤ ባትሪ የለውም።

ገመዱን ነቀልኩት።

እስክሪኑ እንደበራ ነው።

«ሀጀራዬ!»

እናቴ ናት። ግድግዳውን እየዳበሰች ከጓዳ ወጣች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«ያ ረቢ! ድምፅዋ! ደህና ነኝ አለች? ንገረኝ እንጂ!»

ድምፁ ቀጥ አለ።

«እማ... ፕሮግራሙ ነው...»

«ዝም በል! የወለድኳትን አጣታለሁ?»

እጇን ወደ ፊት ዘረጋች... ወደ ባዶው። ጣቶቿ አንድ ነገር ጨበጡ።

«ምነው እጅሽ እንዲህ ቀዘቀዘ፣ የኔ ልጅ?»

ከፊቷ ማንም የለም። ማንም! የጣቶቿ ጫፍ ግን... ሌላ እጅ አጥብቆ እንደያዘው ደም አጥቶ ነጥቷል።

«አህመዲን፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ጋቢ አምጣላት!»

ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

እናቴ ባዶውን ወደ ደረቷ ሳበችው። አቀፈችው። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች... ቆየች... ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«አህመዲን...» አለች በሹክሹክታ። «እህትህ ለምንድን ነው የማትተነፍሰው?»

በሩን ገፍቼ ወደ ጉሙ ወጣሁ።