አራተኛዋ ስንኝ

«ነገ የፊት ገጽ ላይ ልንወጣ ነው!» አለች ሬዲዮ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ። አፏ ስለማይዘጋ ክፍል ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራት።

ጓደኛዋ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ከተሰፉት ሸሚዞች ላይ ትርፍ ክር ትቆርጣለች። የልጅቷ እናት ከስፌቱ ቀና አላለችም። ከጠዋት ጀምሮ እየሰፋች ሃያ ስድስተኛው ኮሌታ ላይ ደርሳለች።

«ልንወጣ? አንቺ ምን ጻፍሽና?» አለች ልጅቷ።

«ፊደል ያረምኩትስ?»

ጽሑፉ ስለ ሸማኔዎች የሥራ ዘፈን ነው። ልጅቷ ያወጣችው ማንም ገብቶ የሚያውቀውን በሚጽፍበት፣ የሌላውንም በሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ነው። አባቷ ሸማኔ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ዘፈኑን በአሮጌ ስልኩ ቀድቶት ስለነበር እየደጋገመች ሰምታ ገለበጠችው። ምቱ ከመወርወሪያው ጋር እንዴት እንደሚሄድም ጨመረችበት። ለወራት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

«ጽሑፉን ለፊት ገጽ የመረጡት አዘጋጆች ምን እንዳሉ ስሚ። ‹ሦስቱ ስንኞች በሌሎችም ተመዝግበዋል። አራተኛዋ ግን የትም አልተገኘችም፤ ብርቅ የሕዝብ ግጥም ናት።› እትዬ፣ እርስዎም ይስሙ!» ሬዲዮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ክንድሽ ላይ ያለችው የካውያ ጠባሳ፣
ዐይኔ ያላያት ቀን እጄ ክር ይረሳ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

እናት እስከ ክርኗ የሰበሰበችውን እጅጌ ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው። ልጅቷ ግን አይታዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው የኖረችው ጠባሳ ነው።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከአባዬ ስልክ። ከሌሎቹ ጋር አብሮ ነው የዘፈናት። ሸማኔዎቹ ሁሉ የሚሏት መስሎኝ...»

«ሦስቱን ይሏቸዋል።»

ሬዲዮ አንዴ እናትን፣ አንዴ ልጅን አየች።

«ላጥፋት እንዴ፣ እማዬ?»

«ከወጣች ወጥታለች እንግዲህ» አለች እናት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። «ያንን ኮሌታ አቀብዪኝ።»

ልጅቷ ጓደኛዋን ልትሸኝ ወጣች። በሩ ላይ ሬዲዮ ክንዷን ያዘቻት። «ስንኟን እንዳትነኪያት! እሷ ከሌለች እኮ የፊት ገጽ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ማን ያውቃል?»

«እማዬ ታውቃለች።»

ስትመለስ ስልኳን ከፍታ ስንኟን ሰረዘቻት። ‹የለውጡ ምክንያት?› የሚል ባዶ ሳጥን መጣ። ‹ስህተት› ብላ ጻፈችና ቆየት ብላ አጠፋችው። ከዚያ ‹የሕዝብ አይደለችም› ብላ ላከችው። የቀድሞው ቅጂም ከገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ እንዲሰወርላት ለአዘጋጆቹ አንድ መስመር ጻፈች።

እናቷ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች። መኪናው እንደገና መጮህ ጀምሯል።

ልጅቷ መቀሱን አነሳችና ቀጣዩን ሸሚዝ ወደ ራሷ ሳበች።