ዞሮ የሚመለስ እርሾ

ጋኑ ባገሳ ቁጥር ምንትዋብ እንደ ልማዷ ሆዱን መታ መታ ታደርገዋለች። የመርከቧ መብራትም ሙቀትም የሚወጣው ከዚህ ጋን ነው። በውስጡ የሚኖሩት ሕዋሳት ስኳር ይበላሉ። አንድ አሲድ የስኳሩን ስባሪ ተቀብሎ የሎሚ አሲድ ይሆናል፤ የሎሚው አሲድ እየዞረ ጉልበቱን ሲሰጥ ይቆይና መጨረሻው ላይ ያው የመጀመሪያው ተቀባይ ሆኖ ይመለሳል። መርከበኞቹ ተቀባዩን «እርሾ» ይሉታል።

ዛሬ ግን ጋኑ አላገሳም። ብትዳብሰው ቀዝቅዟል።

«ወይ ጉዴ!»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠፋትም። እህቷ ስትወልድ፣ ለድግሱ መጠጥ ብላ የሎሚውን አሲድ በባልዲ የቀዳችው እሷው ናት። «ከዚህ ሁሉ ምን ይጎድላል?» ብላ! ከመሃል የተቀዳ ዞሮ እርሾ አይሆንማ። አሁን ስኳሩ ሞልቷል፣ የሚቀበለው ግን የለም። ያለጊዜዋ የተወለደችው ሕፃን የተኛችበት የሙቀት ሣጥንም እየቀዘቀዘ ነው።

በቅርብ ያለው የእትዬ አልጣሽ መርከብ ብቻ ነው። ምንትዋብ ሬዲዮውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። በምን አፏ ትጠይቅ? በድግሱ ዕለት እትዬ አልጣሽ፣ «ጋናችን ሊሞትብን ነው፤ ትንሽ እርሾ አታጪም ልጄ?» ሲሏት፣ «ውይ እትዬ፣ እኛም የለን!» ብላ ዋሽታቸዋለች። እንግዶች ፊት መብራቱ እንዳይደበዝዝባት ብላ ነው።

ሕፃኗ ስታቃስት ሰማችና ደወለች።

«ነይ ውሰጂ» አሏት።

በትንሿ ጀልባ ተሻግራ ስትገባ ኮሪደሩ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እትዬ አልጣሽ በእጅ ባትሪ እየመሩ መጡና ለብ ያለ ማሰሮ አስታቀፏት።

«መብራቱን አጥፍተን፣ ያለችንን እርሾ አስታመን አተረፍናት። ግማሿ ለሕፃኗ ትሁን።»

ምንትዋብ ፊቷ ነደደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ እዚያ ደግሞ መሬት የለ።

«እትዬ፣ ያን ዕለት... እርሾ ነበረኝ። ዋሽቼዎት ነው።»

«አውቃለሁ። መብራታችሁ በመስኮት ይታየን አልነበር?»

«ታዲያ ለምን...?»

«ልጆቹ ጨለማውን ፈርተው ሲያለቅሱ የእናንተን መብራት እያሳየን ነበር የምናባብላቸው። ዛሬ ሲጠፋባቸው እንቅልፍ እምቢ አላቸው» አሉና ማሰሮውን በጋቢያቸው ጠቀለሉላት። «ቶሎ ሂጂና አብሪላቸው።»